ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሰው

እትዬ ቅጽን ለማስረዳት ከኮሪደሩ መጨረሻ ካለው የካርድ ክፍል መጀመር አለብኝ። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው። ሕመምተኞች በመስኮቱ በኩል ስማቸውን ይናገራሉ፤ እሳቸው ከውስጥ ሆነው ካርዳቸውን ኮምፒውተር ላይ ይፈልጋሉ። ከጀርባቸው ዱሮ የወረቀት ካርድ ይደረደርበት የነበረ የብረት መደርደሪያ እስከ ጣሪያው ቆሟል። አሁን ባዶውን ነው፤ አንዱ እርከን ላይ ዣንጥላቸውና የምሳ ዕቃቸው ተቀምጠዋል። እዚያች ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ወረፋው ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ሰው ቢጮህም ቢለማመጥም፣ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ዕድሜ» ብለው በዚያው ቅደም ተከተል ነው የሚጠይቁት። አንድ ጊዜ የጤና ጣቢያው ዳይሬክተር ራሳቸው ትኩሳት ይዟቸው መስኮቱ ጋ ቢቆሙ፣ አሥር ዓመት አብረዋቸው የሠሩትን ሰው ቀና ብለው አይተው «ስም» አሏቸው። ቅጽ የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ቀን ነው።

እኔ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ግቢ ውስጥ «ሐኪም» ይሉኛል፤ ለማሾፍ ነው። ቀልዱ ያልደረሳቸው አንድ ሽማግሌ ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን አሳይተውኛል። ሽቦ ልቀጥል፣ አቧራ ልጥረግ፣ ግድ የለኝም። መጻፍ ግን አልወድም፤ ቅጽ መሙላት ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እጠላለሁ። ዕጣዬ ሆኖ ከእትዬ ቅጽ ጋር አንድ ዊኪ ላይ ተጣመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርድ የምንይዝበት ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ፣ በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ነው። በየከተማው ያሉ ትንንሽ ጤና ጣቢያዎች ይጠቀሙበታል። መመሪያ የሚጽፍለት ድርጅት ስለሌለ ተጠቃሚዎቹ ራሳችን ዊኪ ላይ እንጽፋለን፤ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ የጻፈውንም ሌላው የሚያርምለት የኢንተርኔት መዝገብ ማለት ነው። ማንም ሲባል ደግሞ የምር ማንም ነው፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ገጹን «ውድ ባልደረቦቼ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ ይጀምረዋል። ሌላው አራት መስመር መመሪያና ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አለቃው ወቀሳ ያሰፍራል። አንዱማ «ካርድ ማተሚያ» በሚል ርዕስ ሥር «እኔም አልገባኝም» ብሎ ጽፎ ወጥቷል። ይሄኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እትዬ ቅጽ ይህን ሲያዩ አንጀታቸው በገነ። ማንም ሳያስተምራቸው ቴምፕሌት የሚባለውን ነገር አንብበው ለብቻቸው ተማሩ። ቴምፕሌት ባዶ ቅጽ ነው። አንድ ቦታ ይሠራል፣ በየገጹ ይለጠፋል፤ እናትየዋን ቅጽ ሲነኳት የተለጠፈችበት ገጽ ሁሉ አብሮ ይለወጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አንድ በአንድ እያነሱ ቅጹ ውስጥ ከተቷቸው። ይህ ሥራ ምን ይጠቅማል፣ ማን ይሠራዋል፣ ደረጃዎቹ፣ ቢበላሽ ምን ይደረግ። ሰላምታውም ወቀሳውም ተጠራርጎ ወጣ። ከገጹ አናት ላይ ደግሞ አንዲት ሣጥን አስቀመጡ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሰው» ትላለች፣ ስምና ቀን ትጠይቃለች።

ልብ አውልቅ የሆነችብኝ ያቺ ሣጥን ናት። ፕሮግራሙ አፕዴት በተደረገ ቁጥር ትናንት በስተቀኝ የነበረ ቁልፍ ዛሬ በስተግራ ይገኛል፤ የትናንቱ መመሪያም ዛሬ ያሳስታል። ስለዚህ አንድ ሰው ገጹን ከፍቶ፣ ደረጃዎቹን በራሱ እጅ ሞክሮ፣ ልክ መሆኑን ሲያይ ነው ስሙን የሚጽፈው። ያን ጊዜ ሣጥኗ አረንጓዴ ትሆናለች። ካልተሞላች ቀይ ናት፤ «እስካሁን ማንም አላየውም» ትላለች። እትዬ ቅጽ ከመስኮቱ ሥራ በተረፋቸው ጊዜ ስድሳ አንዱን ራሳቸው አይተው አረንጓዴ አደረጉ። መቶ ሃምሳ አንዱ ቀይ እንደሆነ ቀረ፤ ጡረታቸው ደግሞ ስምንት ወር ቀርቶታል።

«እኔ ስወጣ ማን ያሳድዳችኋል?» ይሉኝ ነበር። «አንድ ቀይ ትቼ መሄድ አልፈልግም።»

ዊኪው ላይ ለተመዘገቡት አርባ ሰዎች ጻፉላቸው። አሥራ አንዱ ጎበዝ የሚል የአውራ ጣት ሥዕል ላኩ። ሦስቱ «እሺ እትዬ» አሉ። አንዱ ሰሞኑን ሥራ እንደበዛበት ገለጸ፤ ሰሞኑን የሚለው ዓመቱን ሙሉ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የቀሩት ዝም። በአውራ ጣት ደግሞ ሣጥን አይሞላም። እትዬ ቅጽ ግን አልተቆጡም፣ በወሩ ደግመው ጻፉ፣ ደግሞ አሥራ አንድ አውራ ጣት መጣ።

ከሁሉም ገጽ ያንገበገባቸው «ካርድ ማዋሃድ» የሚለው ነው። አንድ ሰው በስህተት ሁለት ካርድ ሲወጣለት ሁለቱን አንድ ማድረጊያ ነው። ፕሮግራማችን አንዴ ካዋሃደ ወዲያ መለያየት አያውቅም፤ የጠፋው ካርድ ጠፋ። ይህን ደግሞ በእውነተኛ ሰው ካርድ መሞከር አይቻልም፣ ለልምምድ የሚሆን ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ያንን ማዘጋጀት ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

የእኔ ክፍል ከደረጃው ሥር ነው፤ የሞቱ ፕሪንተሮች ተቆልለውበታል። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወረፋው ከመጀመሩ በፊት፣ እትዬ ቅጽ በሩ ላይ ይቆማሉ።

«ሐኪም፣ ኮምፒውተሩ ዛሬስ?»

«ነገ እትዬ።»

«ትናንትም ነገ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ያኛው ነገ አለፈ።»

አይስቁም። «ሌላውን ሁሉ ተወው፣ ይህቺን አንዷን እይልኝ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው የሰው ታሪክ ነው የሚያጠፋ» ይሉና ይሄዳሉ። ስምንት ሳምንት ሙሉ እንዲህ። እጅ እጅ አለኝ።  እውነቱን ልናገርና፣ ሥራው ከብዶኝ አልነበረም፤ የተጠየቅኩት ብዙ ጊዜ ስለሆነ ብቻ ነው እምቢ ያልኩት። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ።

አንድ ሐሙስ የላቦራቶሪውን ፕሪንተር ፈትቼ እስከ ክንዴ ቀለም ነክቶኝ፣ በአንድ በኩል ፋርማሲው በሌላ በኩል ገንዘብ ቤቱ ስልክ እየደወሉ ሲያጨናንቁኝ፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። «ዛሬስ?» አሉ። ጥርሴን ነክሼ «ነገ» አልኩና እንደሄዱ እጄን ሳልታጠብ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቅጹን የሚከፍተው የይለፍ ቃል እሳቸውና እኔ ጋ ብቻ ነበር። እናትየዋን ቅጽ ከፍቼ ግማሽ መስመር ጨመርኩባት፤ ሣጥኗ ባዶ ከሆነች «የዊኪው ቡድን» ብለሽ ሙይ፣ ቀኑንም ገጹ የተከፈተበትን ቀን አድርጊ የምትል። አስቀመጥኩት። መቶ ሃምሳ አንዱም ቀይ በአንዴ አረንጓዴ ሆነ። ለራሴ የነገርኩት፣ ቀስ ብዬ በትርፍ ጊዜዬ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ የሚል ነበር። እስከዚያው ግን ሰላሜን አገኛለሁ።

በማግሥቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። በሩ ላይ አልቆሙም፤ ገብተው አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረው ወንበር ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ሞሉት» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አንድ ቀይ የለም። ለካ ሰው አለ፣ ሐኪም። እኔ በሆዴ ሳማቸው ነው የከረምኩት።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር አላስቻለኝም፤ ሃያ ስድስት ዓመት መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን ወረፋው አልቆ ሲያይ የሚያሳየው ፊት ነው። «በጣም ጥሩ ነው እትዬ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«ስማቸውን እንኳ አልጻፉም፣ ቡድኑ ነው የሚሉት። ትሑቶች» አሉና ተነሱ። ካርድ ማዋሃድ የሚለውን ማን እንዳየው አልጠየቁኝም፤ የልምምድ ኮምፒውተሩንም ከዚያ በኋላ አላነሱብኝም። በዚያው ጠዋት ለአርባዎቹም ጻፉ። «ደካሞች ናችሁ ብዬ ስላማኋችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ጡረታዬን በሰላም እንድወጣ አድርጋችኋል» ይላል። ከአርባው አንድ ሰው እንኳ «እኔ አላየሁም» ያለ የለም። እያንዳንዱ ሌላው ሠራው ብሎ አስቧል። አሥራ አንድ አውራ ጣት መጣ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ቅጽ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዊኪውን ሳይከፍቱ መዋል ጀመሩ። መሳቢያቸውን ማጽዳት፣ ለሚተካቸው ሰው ማስታወሻ መጻፍ ያዙ። ከምሳ በኋላ መስኮቱ ጋ ሲስቁ ሰምቻለሁ። እኔም ሳልነካ ተውኩት። አንድም ገጽ አላየሁም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የካርድ ክፍሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ በእሳቸው ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ሽቦ እቀጥላለሁ። ቀጥዬ ልወጣ ስል የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበር ድምፁን ወደ ውጪ አደረጉት። ሌላ ከተማ ያለ የጤና ጣቢያ የካርድ ሠራተኛ ናት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ መሰለኝ።»

«ቀስ ብለሽ ንገሪኝ እናቴ።»

ነገረቻቸው። አንዲት ሴት ሁለት ካርድ ነበራት። አንደኛው የስምንት ዓመት ታሪኳ ያለበት፣ የትኛው መርፌ እንደማይስማማት በቀይ የተጻፈበት ነው። ሁለተኛው አንድ ቀን በችኮላ የተከፈተ፣ ከስምና ከዕድሜ በስተቀር ምንም የሌለው። ሠራተኛዋ ልታዋህዳቸው የእኛን መመሪያ ከፈተች። መመሪያው «መጀመሪያ የሚጠፋውን ካርድ ምረጡ» ይላል። ባዶውን ካርድ መጀመሪያ መረጠች። ባለፈው አፕዴት ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ አሁን መጀመሪያ የተመረጠው ነው የሚቀረው። የስምንት ዓመቱ ካርድ ጠፋ፣ ባዶው ቀረ።

«ዛሬ ጠዋት ነርሷ ያንኑ መርፌ ይዛ መጣች» አለች። «ሴትየዋ "ይሄ አይስማማኝም" ትላለች፣ ነርሷ "ካርድሽ ላይ የለም" ትላለች። ሴትየዋ ግትር ሆና ክንዴን አልሰጥም ባትል፣ እትዬ፣ ዛሬ ምን እንደምንሆን አላውቅም።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ቤቷ ሄዳለች። ግን እኔ እኮ ዝም ብዬ አይደለም። ሣጥኗን አይቻለሁ። የዚያኑ ዕለት ታይቷል ይላል፣ አረንጓዴ ነው። ቀይ ቢሆን ኖሮ አልነካውም ነበር።»

 እትዬ ቅጽ ማውሱን ሲጫኑ ይሰማኛል። ገጹን ከፈቱ። «ዛሬ?» አሉ ለራሳቸው። ሌላ ገጽ ከፈቱ። ደግሞ ሌላ። ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ ጫማቸውና የቀሚሳቸው ጠርዝ ብቻ ነው፤ ጫማቸው አይንቀሳቀስም።  ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እሺ እል ነበር።

«የወረቀት ካርዶቻችሁ አሉ ወይስ ጣላችኋቸው?» ብለው ሠራተኛዋን ጠየቁ።

«መጋዘን ውስጥ አሉ።»

«የእሷን አውጪና የመርፌውን ነገር አሁኑኑ አስገቢ። ሌላውን ታሪኳን ቀስ ብለሽ ትጽፊዋለሽ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ሰማሽ?» ስልኩን ዘጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሱ «አንተ፣ ውጣ» አሉኝ።

በጉልበቴ እየዳህኩ ወጣሁ። ከመስኮቱ ውጪ ወረፋ የያዙ ሁለት ሰዎች አዩኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ፕሪንተሩን፣ ሐሙሱን፣ ግማሽ መስመሯን። ይጮሁብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ቢጮሁብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ሥራ የማይሠራ ሰው አዲሴ አይደለም» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት አይቻለሁ። ቀይዋ ግን እውነቷን ነበር የምትናገር። ማንም አላየውም ትላለች፣ ማንም አላየውም። እኔ የሠራሁት ነገር ውስጥ ያለው እውነት ያቺ ብቻ ነበረች፣ እሷን ወሰድክብኝ።»

ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩ።

«እኔ ደግሞ አርባ ሰው አመሰገንኩ» አሉ። ይህችኛዋ ከሁሉም የበለጠ አሳፈረችኝ።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ግማሽ መስመሬን ሰረዙ። መቶ ሃምሳ አንዱ እንደገና ቀላ። ቀጥለው ለሁሉም «ቅጹ ተበላሽቶ ነበር፤ አረንጓዴውን ያመናችሁ ሁሉ እንደገና ተመልከቱ» ብለው ጻፉ። የእኔን ስም አልጠሩም። ወደ ደረጃዬ ሥር ተመልሼ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ከእሳቸው ጽሑፍ ሥር «ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ በስሜ ጻፍኩ። ያን ቀን አንድም አውራ ጣት አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ የልምምድ ኮምፒውተሩን አዘጋጀሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስምንት ሳምንት «ነገ» ያልኩት ነገር አርባ ደቂቃ ነበር፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደም ስሬ ይገታተራል። ከእትዬ ጋር የሁለት የፈጠራ ሰዎች ካርድ ከፍተን አዋሃድናቸው፣ በዓይናችን አየን፣ ገጹን አረምን። እትዬ ቅጽ ሣጥኗ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጨመሩ፤ «ምን አየህ?» የሚል። የሞከረው ሰው ያየውን በራሱ ቃል ካልጻፈ ሣጥኗ አረንጓዴ አትሆንም። የመጀመሪያውን ራሳቸው ሞሉት፤ «ሁለት የውሸት ካርድ አዋሃድኩ። መጀመሪያ የመረጥኩት ቀረ፣ ሁለተኛው ጠፋ። አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ያገኘነውን ክፍት ሰዓት ገጽ ላይ አዋልን። ቢሆንም ጡረታቸው ሲደርስ ሰባ አራት ቀይ ቀርቶ ነበር። ዣንጥላቸውንና የምሳ ዕቃቸውን ከመደርደሪያው አንስተው ሄዱ። አንድ ቀይ ትቼ መሄድ አልፈልግም ያሉት ሰው ሰባ አራት ትተው ሄዱ፤ ከአርባዎቹ መሐል ይህን ያስታወሰ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን በየዓርቡ ይደውሉልኛል። ሰላምታቸው አጭር ነው።

«ስንት ቀረ?» አሉኝ ባለፈው ዓርብ።

የዊኪውን የፊት ገጽ አየት አደረግኩ፤ ቅጹ ራሱ ቀዮቹን ይቆጥራል። «ሃያ ዘጠኝ።»

«ቆጥረህ ነው ወይስ ማሽኑ ነግሮህ?»

 «ማሽኑ ነው» አልኩ።

«እጠብቃለሁ» አሉ።

የገጾቹን ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ከፍቼ አረንጓዴ ያልሆኑትን በጣቴ እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ። ስልኩ ትከሻዬና ጆሮዬ መሐል ነው፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሳልጨርስ ተናደድኩ፣ አንገቴ ደነዘዘ፣ አንድ ጊዜ ተሳስቼ እንደገና ጀመርኩ።  ስጨርስ ሠላሳ ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሠላሳ።

«ሠላሳ ነው እትዬ። አንዷ ቅጹ ውስጥ ሳትገባ ቀርታለች። ሣጥን የላትም፣ ለዚህ ነው ማሽኑ ያላያት።»

«እኔም አላየኋትም ማለት ነው» አሉ። «የትኛዋ ናት?»

«ካርድ ማተሚያ።»

«ምን ትላለች?»

ከፈትኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካትም። «እኔም አልገባኝም ትላለች።»

«ማን ጻፋት?»

«እኔ ነኝ።»

 ከወዲያ በኩል ወንበር ሲሳብ ሰማሁ፤ የተቀመጡ መሰለኝ።

«በል ፕሪንተሩን ክፈትና ምን እንደምታይ ንገረኝ» አሉ። «ስልኩን አልዘጋም።»